«እርጅና ነው» እያሉ መሸንገል ይብቃ!

በዚህች አገር ባለጉዳይን አፉን የሚያስይዙ ሁለት አባባሎች አሉ። አንደኛዋ «ሲስተም የለም» ናት። ሁለተኛዋ «እርጅና ነው» ናት። የመጀመሪያዋ ቢያንስ ነገ ተመለሱ የምትል ተስፋ አላት። ሁለተኛዋ ግን የመጨረሻ ፍርድ ናት፤ ይግባኝ የላትም።

እማማ ሳሉ ከረመባቸው? እርጅና ነው። አባባ ጉንፋን በገባ ቁጥር ሁለት ሳምንት አልጋ ይይዛሉ? እርጅና ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር የሳንባ ምች የሰፈሩን ሽማግሌዎች አንድ በአንድ እየለቀመ የዕድር ጥሩምባ ሲያስነፋ ይከርማል? ምን ይደረግ፣ ዕድሜያቸው ነው! ካርድ ክፍሉ ይለዋል፣ ሐኪሙ ይለዋል፣ ጎረቤት ይለዋል፣ ኧረ የገዛ ልጅም ይለዋል። መንግሥት ደግሞ እንዲህ ያለውን ነገር ይወደዋል። እርጅና ተከሳሽ ሆኖ ችሎት አይቀርብ፣ በጀት አይጠየቅበት፣ በምክር ቤት ጥያቄ አይነሳበት!

እኛ ግን እንጠይቃለን። በሽታ የሚከላከለው የሰውነታችን ኃይል ሲደክም፣ የደከመው በዕድሜ ብቻ ነው? ወይስ በእርጅና ስም የተሸፈነ ሌላ ጥፋት አለ? ጥያቄው የቧልት አይደለም። ሳይንሱ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ መልስ እየሰጠበት ነው። መልሱም ከሐኪም ቤት አልፎ ማዘጋጃ ቤቱንና ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶቹን የሚነካ ነው።

ንፍፊት ሲባል

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከንፍፊት እንጀምር። እግሩን እሾህ የወጋው ልጅ ብሽሽቱ ላይ እብጠት ሲወጣበት እናቱ «ንፍፊት ነው፣ አትነካካው» ትለዋለች። ጥርሱን ያመመው ሰው ከመንጋጋው ሥር የሚዳስሳት እንደ ሽምብራ ያለች ነገርም እሷው ናት። ሐኪሞች ሊምፍ ኖድ ይሏታል። በአንገት፣ በብብት፣ በብሽሽት፣ በሆድ ዕቃ፣ በደረትም ውስጥ በሳንባ ግራና ቀኝ ተሰግስገው በአንድ ሰው ሰውነት ከ500 እስከ 800 ያህል ይገኛሉ። የዕጢ ቲቢ የሚባለውም አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው እነዚሁኑ ነው። ከአገራችን የቲቢ ሕሙማን ሲሶ ያህሉ ቲቢው ከሳንባ ውጪ የወጣባቸው ስለሆኑ፣ ንፍፊትን የማያውቅ ቤተሰብ ጥቂት ነው።

ንፍፊት በሽታ አይደለችም። ኬላ ናት። ከሥጋችን ውስጥ እየተንጠፈጠፈ የሚሰበሰበው ውሃ መሰል ፈሳሽ ወደ ደም ከመመለሱ በፊት በእሷ በኩል ያልፋል። እዚያ ሦስት ዓይነት ሠራተኞች ይጠብቁታል። የመጀመሪያዎቹ ጀርምና ቆሻሻ እየዋጡ የሚያጸዱት ማክሮፌጅ የሚባሉ ሕዋሳት ናቸው። ሁለተኛዎቹ ቲ ሴሎች ናቸው። ከእነሱ መካከል አንዱን ወገን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ የኤች አይ ቪ ዘመን «ሲዲ ፎር» የሚለውን ቃል ከሆስፒታል አውጥቶ እስከ ዕድር ድንኳን ድረስ አስተምሮናል። ሦስተኛዎቹ አንቲቦዲ የሚያመርቱት ቢ ሴሎች ናቸው። ጀርም ሲገባ እነዚህ ሁሉ በንፍፊቷ ውስጥ ይገናኛሉ፣ ይማከራሉ፣ ይባዛሉ፣ ይሠለጥናሉ። እብጠቱ የሥራው ምልክት ነው። ክትባትም የሚሠራው እዚያው ነው። ክንድ ላይ የተወጋው መድኃኒት ብብት ውስጥ ካለችው ንፍፊት ካልደረሰና እዚያ ትምህርት ቤቱ ካልተከፈተ፣ መወጋቱ ለይስሙላ ነው።

ዕድሜ የራሱ ዕዳ አለበት

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ዕድሜ ጥፋት የለበትም አንልም። አለበት። ከደረት አጥንታችን ኋላ ታይመስ የምትባል ዕጢ አለች። ቲ ሴሎች ተመልምለው የሚወጡት ከእሷ ነው። ይህንን ሥራዋን እ.ኤ.አ. በ1961 ለዓለም ያሳወቀው ዣክ ሚለር የተባለ ሳይንቲስት ነው። ታይመስ እንደ ሌላው አካላችን ሽበት አትጠብቅም። ከጉርምስና ጀምራ እየሟሸሸች በስብ ትተካለች። ሰውየው ስልሳ ሲሞላውና ጡረታ ሲወጣ፣ እሷ ጡረታ ከወጣች ብዙ ዘመን ሆኗታል። አዲስ ምልምል እንደ ልብ አይመጣም።

የቀሩት ደግሞ ነባሮቹ ናቸው። አብዛኛው ሰው በልጅነቱ የሚለከፍበትና ዕድሜ ልኩን ይዞት የሚኖር ሳይቶሜጋሎ የሚባል ቫይረስ አለ። ብዙ ጊዜ ሕመም አያመጣም፤ ሰውነት ግን ነጋ ጠባ ሲጠብቀው ይኖራል። ከጊዜ ብዛት ይህንን አንድ ጠላት ብቻ የሚጠብቁ ሕዋሳት ይበዙና በአንዳንድ አዛውንቶች ዘንድ ሲዲ ኤት ከሚባለው የቲ ሴል ወገን እስከ አምስተኛውን እጅ ይይዛሉ። ሥራቸው ያው አንድ ነው፣ ቦታ ግን አይለቁም። (ነገሩ ከሌላ ወንበር ጋር ቢመሳሰልባችሁ እኔ የለሁበትም!)

ከዚህ የባሰው የቤቱ ነገር ነው። ንፍፊት ውስጥ ሕዋሳቱን ደግፎ የሚይዝ፣ የሚቀልብ፣ መንገድ የሚያሳይ መረብ አለ። ዕድሜ ሲገፋ ይህ መረብ ይሻክራል፤ ከፊሉ ጠባሳ፣ ከፊሉ ስብ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2019 በአሜሪካ አሪዞና ያሉ ተመራማሪዎች በአረጁ አይጦችና ዝንጀሮዎች ላይ ሞክረው ያዩት ነገር ትምህርት ነው። ታይመስን ቀስቅሰው አዳዲስ ቲ ሴሎች እንዲወጡ ቢያደርጉም፣ ያረጁት ንፍፊቶች እነዚያን እንግዶች ተቀብለው ማኖር አልቻሉም። ምልምሉ መጣ፤ ካምፑ ግን ፈርሷል። እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ በእንግሊዝ ካምብሪጅ አጠገብ ባለው ባብራሃም ኢንስቲትዩት በአረጁ አይጦች ላይ እንደታየው፣ ቢ ሴሎችን የሚያሠለጥኑት ረዳት ቲ ሴሎች በንፍፊት ውስጥ ሊቆሙ ከሚገባቸው ቦታ ስተው ይገኛሉ። አስተማሪው በሌላ ክፍል፣ ተማሪው በሌላ ክፍል! የክትባቱ ፍሬ የሚያንሰው ያኔ ነው።

ይህ ማለት ግን ሽማግሌ ባዶ ነው ማለት አይደለም። በ1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን ያራቆተውን የኅዳር በሽታ አስታውሱ። ራስ ተፈሪ ራሳቸው ታመው የተረፉበት፣ ቀባሪ የጠፋበት ያ ወረርሽኝ ዓለምን ሁሉ የዞረው ኢንፍሉዌንዛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ያንን ዘመን በልጅነታቸው ያዩ 32 ሰዎችን ደም መረመሩ። ዕድሜያቸው ከ91 እስከ 101 ዓመት ነበር። ከ90 ዓመት በኋላም ያንን ቫይረስ የሚያውቅ አንቲቦዲ በደማቸው ውስጥ ተገኘ! ያረጀ ሰውነት የድሮ ጠላቱን አይረሳም። የሚከብደው አዲሱን ማወቅ ነው። ኮሮና ሲመጣ በአሜሪካ ከሞቱት ከአራቱ ሦስቱ ያህሉ 65 ዓመት ያለፋቸው የሆኑትም ከብዙው ምክንያት አንዱ ይኸው ነው።

እስከዚህ ድረስ የዕድሜ ዕዳ ነው። ይህንን ተቀበልን። አሁን የዕድሜ ወዳልሆነው እንምጣ።

ጥቁሩ ንፍፊት

በኅዳር ወር 2015 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2022) በኒውዮርክ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲዋ ፕሮፌሰር ዶና ፋርበርና ባልደረቦቿ ኔቸር ሜዲሲን በተባለው መጽሔት ላይ አንድ ጥናት አወጡ። ከሞቱ በኋላ የአካል ክፍላቸው ለሌሎች የተለገሰ 84 ሰዎችን ንፍፊት መርምረው ነው። ታናሹ የ11፣ ታላቁ የ93 ዓመት ሰው ነበር። ከአንዱ ሰው ሬሳ በሳንባ አጠገብ ያለውን ንፍፊትና በአንጀት አጠገብ ያለውን ንፍፊት ጎን ለጎን አኖሩ።

ያዩት ምን መሰላችሁ? የአንጀቱ ንፍፊት ሰውየው ቢያረጅም ባያረጅም ያንኑ ፈዛዛ መልኩን እንደያዘ ነው። የሳንባው ንፍፊት ግን ዕድሜ በጨመረ ቁጥር እየጠቆረ፣ እየጠቆረ ሄዶ ከሰል መስሏል። ጥቁረቱ ምንድን ነው ቢባል፣ ከአየር ጋር ወደ ሳንባ የገባ ብናኝ ነው። ጭስ፣ ጥላሸት፣ አቧራ። ሰውየው ዕድሜውን ሙሉ የተነፈሰው ሁሉ እዚያ ተከዝኖ ተገኘ።

ብናኙን ይዘው የተገኙት ማክሮፌጆቹ ናቸው፤ እነዚያ ጀርም የሚውጡት ጠራጊዎች። ጥላሸቱን ዋጡት፤ መፍጨት ግን አልቻሉም። ሆዳቸውን በከሰል የሞላ ጠራጊ ጀርም ሲመጣ ምን ሊውጥ ይችላል? በጥናቱ እንደታየው ብናኝ የያዙት ማክሮፌጆች ብናኝ ካልያዙት ጓደኞቻቸው ይልቅ የመዋጥ አቅማቸው ዝቅ ብሏል፣ ንቃታቸው ቀንሷል፣ ሌሎች ሕዋሳትን የሚጠሩበት መልእክትም ተዛብቷል። ቢ ሴሎች የሚሰበሰቡባቸው ሠፈሮችና ፈሳሹ የሚያልፍባቸው ቦዮችም በጥላሸቱ ዙሪያ ተበላሽተው ታይተዋል።

ልብ በሉ! ሁለቱም ንፍፊቶች የአንድ ሰው ናቸው። እኩል ኖረዋል። እኩል አርጅተዋል። የደከመው ግን ጭስ የሚደርሰው ብቻ ነው። ጥፋቱ የዕድሜ ብቻ ቢሆን ኖሮ የአንጀቱም እኩል በደከመ ነበር። እንግዲህ «እርጅና ነው» ሲሉን ከርመው የነበሩት ከፊሉ ጭስ ነበር ማለት ነው። ጭስ ደግሞ ከሰማይ አልወረደም። የሚያጨስ አለ። እያየ ዝም የሚልም አለ።

ከጓዳ እስከ አስፋልት

እነዚያ 84 ሰዎች የአሜሪካ ነዋሪዎች ናቸው። አብዛኛው ሰው በጋዝና በመብራት የሚያበስልበት አገር ነው። እዚያ ንፍፊት እንዲህ ከጠቆረ፣ አርባና ሃምሳ ዓመት ሙሉ በእርጥብ ማገዶ ፊት አጎንብሰው እንጀራ የጋገሩ የኛ እናቶች ደረት ምን ሊመስል ነው? መልሱን ለመገመት ሩቅ መሄድ አያሻም። በኢራን፣ በቱርክና በሕንድ ያሉ ሐኪሞች ከጭስ ጋር ሲታገሉ በኖሩ የቤት እመቤቶች ሳንባ ውስጥ የአየር ቧንቧው ጠቁሮና ጠብቦ፣ በደረት ውስጥ ያሉት ንፍፊቶች ከሰል መስለው ደጋግመው አግኝተዋል፤ ጽፈውታልም። ሲጋራ በከንፈራቸው አልፎ የማያውቅ ሴቶች ናቸው።

በኢትዮጵያ ከአሥሩ ቤተሰብ ዘጠኙ ያህሉ የሚያበስለው በማገዶ፣ በከሰልና በኩበት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ በቤት ውስጥ ጭስ የተነሳ በዓመት 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰው ይሞታል። ያው ድርጅት በ2021 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው መመዘኛ፣ የደቃቁ ብናኝ የዓመት አማካይ መጠን በአንድ ሜትር ኪዩብ አየር ከ5 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። የአዲስ አበባ አየር ይህንን በብዙ እጥፍ ያልፈዋል። መስኮት የሌላት ማድ ቤት ውስጥማ የሚለካው በመቶዎች ነው!

ከተማው ውስጥ ምጣድ በመብራት ሆኗል ትሉኝ ይሆናል። ሆኖ ነበር። ነገር ግን ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የኤሌክትሪክ ታሪፉ በአራት ዓመት ውስጥ ደረጃ በደረጃ እንዲጨምር ተወስኖ እየጨመረ ነው። የጡረታ አበል ግን እንደ ታሪፉ ደረጃ በደረጃ አያድግም። እናስ እማማ ምን ያድርጉ? ወደ ከሰሉ ይመለሳሉ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ይህ ነው። መብራት ኃይል ከእማማ ምጣድ የሚለቅመውን ሳንቲም ጤና ሚኒስቴር በኋላ በኦክስጅን ሲሊንደር ይከፍለዋል። መንገድ ዳር ተሽቆጥቁጦ የተተከለው የኮሪደር መብራት እስከ ንጋት ይበራል፤ ከአጥሩ ኋላ ባለው ጓዳ ግን እናት ከሰል እያራገበች ነው። ከተማ የሚዋበው በፊቱ ብቻ ነው እንዴ?

ወደ አስፋልቱ እንውጣ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን እናውቃለን። ጥሩ ነው፤ ጥሩን ጥሩ ማለት ነውር የለበትም። ግን ቀድሞ የገባው የት ይሂድ? ያ እንደ ደመራ እያጨሰ አቀበት የሚወጣ አሮጌ ሚኒባስና የጭነት መኪና ግንባሩ ላይ ምን ለጥፏል? ቦሎ! በየዓመቱ ተመርምሮ «ብቁ ነው» ተብሎ የተሰጠው ቦሎ! ምርመራው ምኑን አየ? ጭሱን አላየም ወይስ ሌላ ነገር ታየው? መልሱን መርማሪውና ባለመኪናው ያውቁታል። ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆመው ያንን የሚምጉት አዛውንት ግን ከንፍፊታቸው በቀር መዝገብ የላቸውም።

የራሳችንንም ጉድ አንሸሽግ። በኅዳር 12 ሠፈሩ ሁሉ ቆሻሻ ሰብስቦ ያጨሳል። አያቶቻችን ያንን ልማድ የተከሉት ወረርሽኝ ለማባረር በቅን ልቦና ነው፤ የሚያቃጥሉትም ጭራሮና ቅጠል ነበር። እኛ ዛሬ የምናቃጥለው ፌስታልና የጎማ ጫማ ነው። በሽታ ለማባረር ብለን በሽታ የሚከላከለውን ኬላ በጥላሸት እንሞላለን። ማጽዳቱ ይቅር አንልም፤ ማቃጠሉ ይቅር። ቡና ሲፈላ ከሰሉም ዕጣኑም መስኮት ተከፍቶ ይጭስ ብንል ቡናው አይቀዘቅዝም።

መድኃኒቱ ጠፍቶ ነውን?

ለዕድሜውም ዕዳ ቢሆን መላ አልጠፋም። አልማዝ ባለጭራ የምንለውን በሽታ ውሰዱ። በልጅነት ጉድፍ ያወጣን ቫይረስ ከነርቭ ሥር ተደብቆ ኖሮ፣ ጠባቂዎቹ ቲ ሴሎች ሲደክሙ በጎድን ወይም በፊት ላይ እንደ እሳት እየለበለበ የሚነሳው ነው። በ1990ዎቹ አልማዝ ባለጭራ የወጣበት ሰው ሁሉ በጥርጣሬ ዓይን ይታይ ነበር፤ ኤች አይ ቪ ሲዲ ፎርን ስለሚያወርድ ብዙ ወጣቶች ላይ ይወጣ ነበርና። ግን ዕድሜም ያመጣዋል። ስንት አዛውንት ከሕመሙ ይልቅ ሐሜቱን ፈርተው ቤታቸው ተደብቀው ተሰቃይተዋል!

ለዚህ በሽታ እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው የመጀመሪያ ክትባት 70 ዓመት ያለፋቸውን ከመቶ 38 ያህል ብቻ ነበር የሚከላከልላቸው። ምክንያቱን አሁን ታውቁታላችሁ፤ ያረጀችው ንፍፊት በቀላሉ አትነቃም። ሳይንቲስቶቹ ግን «እርጅና ነው» ብለው እጃቸውን አላጣጠፉም። ንፍፊትን ቀስቃሽ ቅመም ጨመሩበት። ከቅመሙ አንዱ በቺሊ አገር ከሚበቅል ዛፍ ቅርፊት የሚወጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የተፈቀደው ሺንግሪክስ የተባለው አዲሱ ክትባት በዚያው ዕድሜ ላሉት ከመቶ 90 ያህል ተከላክሏል። ከ38 ወደ 90! ሽማግሌው ያው ሽማግሌ ነው። የተለወጠው የታሰበለት መሆኑ ነው። ለኢንፍሉዌንዛም እንዲሁ ለአረጋውያን መጠኑ በአራት እጥፍ የጨመረ ክትባት ተሠርቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣ 32 ሺህ ያህል ሰው በተሳተፈበት ጥናት ከተለመደው ክትባት 24 በመቶ ያህል ብልጫ አሳይቷል።

በኛ አገርስ? መደበኛው የክትባት ፕሮግራም ከ1972 ዓ.ም. ጀምሮ ለሕፃናትና ለእናቶች ትልቅ ሥራ ሠርቷል፤ ይህንን የሚክድ ጨለምተኛ ብቻ ነው። የሰው አማካይ ዕድሜ በ1990 (እ.ኤ.አ.) ከነበረው 47 ገደማ ዛሬ ከ65 በላይ ደርሷል። ግን ሰውን ለእርጅና ካበቁት በኋላ በሩን መዝጋት ምን ይሉታል? የኢንፍሉዌንዛ፣ የሳንባ ምች አምጪው ኒሞኮከስና የአልማዝ ባለጭራ ክትባቶች ለአረጋውያን በመደበኛው ፕሮግራም አይሰጡም። አዛውንቶች በክትባት ወረፋ ቅድሚያ ያገኙት ኮሮና በመጣ ጊዜ፣ በ2013 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ ሲፈለግ ይቻላል ማለት ነው!

«አገሪቱ ድሃ ናት» የሚል መልስ እንደሚመጣ እናውቃለን

መልሱ ተዘጋጅቶ ይጠብቀናል። አገሪቱ ድሃ ናት፣ ሕፃናት ይቀድማሉ፣ ሽማግሌው ከሕዝቡ ከመቶ 5 ገደማ ነው ይሉናል። እሺ፣ ሕፃናት ይቅደሙ፤ የኛም አያቶች ቢጠየቁ ከልጅ ልጃቸው በፊት አንሰለፍም ይላሉ። ነገር ግን ጭስ ሕፃንና ሽማግሌ አይለይም። በእናቱ ጀርባ ታዝሎ ምድጃ ፊት የሚውለው ሕፃን ንፍፊቱን ማጥቆር የሚጀምረው ያን ዕለት ነው። ስልሳ ሲሞላው «እርጅና ነው» ይሉታል! የአያቱን ጓዳ ከጭስ ማጽዳት የሕፃኑን እርጅና ከአሁኑ ማስታመም ነው።

ክትባቱም ቢሆን ወጣትና ሽማግሌን አያጣላም። በአሜሪካ ከ2000 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሕፃናት የኒሞኮከስ ክትባት መከተብ ሲጀምሩ፣ ያልተከተቡት አያቶቻቸውም በዚያ ባክቴሪያ መታመማቸው ቀንሷል። ልጁ ጀርሙን ከውጭ ይዞ ካልገባ አያት ከየት ታገኘዋለች? በኛም አገር ከ2004 ዓ.ም. መጀመሪያ ጀምሮ ሕፃናት ይህንኑ ይከተባሉ። ስለዚህ የልጅ ልጅን ክትባት በሰዓቱ ማስጨረስ የአያት መድን ነው።

ደግሞስ ነገሩ ምጽዋት ነው እንዴ? የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲደግፍ ግዴታ ይጥልበታል። «አቅሙ በፈቀደ መጠን» የምትለዋ ሐረግ የመሸሺያ በር መሆኗን እናውቃለን። ግን አቅም ለአስፋልት ዳር አበባ ሲፈቅድ ለአዛውንት ሳንባ የማይፈቅድበት ምክንያት ይነገረን። አልሸሹም ዞር አሉ አይሁንብን።

ምን ይደረግ?

የምንጠይቀው ሰማይ አይቧጥጥም።

አንደኛ፣ ቤተሰብ እንጀራ የሚጋግርበትን ያህል መብራት ከታሪፍ ጭማሪው ይውጣ። መብራት ያልደረሰበት ገጠር ደግሞ ጭስ ማውጫ ያለው ምድጃ በሪፖርት ሳይሆን በጓዳ ይታይ።

ሁለተኛ፣ ቦሎ የሚሰጠው የጭስ መጠን በመሣሪያ ተለክቶ፣ ውጤቱም ተጽፎ ይሁን። የሚያጨሰውን መኪና ያሳለፈ መርማሪ ይጠየቅ።

ሦስተኛ፣ ጤና ሚኒስቴር ከ60 ዓመት በላይ ለሆኑት የክትባት ዕቅድ ያውጣ። በአንድ ቀን ሁሉ ይሁን አንልም። የስኳር፣ የልብና የአስም ሕመም ካለባቸው ይጀመር።

አራተኛ፣ የሕክምና ትምህርት ቤቶቻችን የኛን ሰው የደረት ንፍፊት ይመርምሩ። የባሕር ማዶ ሰው ንፍፊት ተቆጥሮ፣ የእንጀራ ጋጋሪዋ እናት ንፍፊት የማይቆጠርበት ምክንያት የለም።

አምስተኛ፣ «እርጅና ነው» የምትለዋ ቃል ከካርድ ላይ ትሰረዝ። ያረጀ ሰውነት አንዳንዴ ትኩሳት እንኳ ሳያሳይ በከባድ ኢንፌክሽን ይያዛል። ሐኪሙ የሰማውን ሳል ይመርምር፤ አክታ ይታይ፣ ራጅ ይነሳ። ከዚያ በኋላ የሚለውን ይበል።

አዛውንቶቻችንም እጃቸውን አጣጥፈው አይጠብቁ። የንፍፊት ፈሳሽ እንደ ደም የሚገፋው ልብ የለውም፤ የሚያንቀሳቅሰው የጡንቻ ሥራና ትንፋሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 በእንግሊዝ አገር ከ55 እስከ 79 ዓመት የሆናቸው 125 የረጅም ዘመን ብስክሌት ነጂዎች ተመርምረው፣ አዳዲስ ቲ ሴል የማውጣት አቅማቸው እንቅስቃሴ ከማያደርጉት እኩዮቻቸው በእጅጉ ልቆ ተገኝቷል። ብስክሌት ይግዙ አንልም። ጠዋት ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ በእግር ደርሶ መመለስም እንቅስቃሴ ነው። ልጆቻቸውም ቢሆኑ እንቁላሉንና ወተቱን ለልጆች ብቻ ሳይሆን ለአባባም ያካፍሉ።

ውድ አንባቢ፣ ሽማግሌ ማለት ትናንት የነበረ ወጣት ነው። ይህንን ጋዜጣ ታክሲ ውስጥ ቆመህ የምታነበው አንተም፣ ከፊትህ ያለው መኪና የሚተፋውን ጥላሸት እያስቀመጥክለት ያለኸው ለዚያው ደረትህ ነው። ንፍፊትህ አትረሳውም። የሚረሱት ኃላፊዎቹ ናቸው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚሉት አባቶቻችን ይህንን ያውቁ ነበር። እኛ ግን ተቃጥሎ፣ ጨሶ፣ ጠቁሮ ሲያበቃ ነው «እርጅና ነው» ብለን የምንቀብረው።

ልብ ያለው ልብ ይበል!